የምትሃተኛን ምስጢር ማውጣት አማና ማፍረስ ነው?

 

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ከዚሁ ከላሊበላ የመጣ ነው። «ኡስታዝ፣ የምትሃት ትርኢት እንዴት እንደሚሠራ የሚያጋልጡ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞችን ቆራርጬ፣ በአማርኛ እያስረዳሁ ቲክቶክ ላይ እለቃለሁ። ጓደኛዬ ግን የሰው ምስጢር መሸጥ ሐራም ነው ይለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ ምስጢር ተደብቆ በመቆየቱ የሚጎዳ ሰው አለ ወይ የሚለው ነው።

የምታያቸው ፕሮግራሞች ታሪክ ወዲህ ነው። በ1997 (በፈረንጆቹ) ፎክስ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጭምብል ያጠለቀ ሰው ቀረበና ሰው በመጋዝ ለሁለት ተቆረጠ የሚባለውን ዓይነት ትርኢት ጓዳውን ከፍቶ አሳየ። በዓመቱ ጭምብሉን ሲያወልቅ ቫል ቫለንቲኖ የተባለ፣ ራሱ ምትሃተኛ የሆነ ሰው ሆኖ ተገኘ። የሙያ ጓደኞቹ እንጀራችንን ዘጋህብን ብለው ተነሱበት። እሱ ደግሞ የቆየው ዘዴ ሲታወቅ አዲስ ለመፍጠር ያነሳሳል አለ።

ወደዚያ ትርኢት የሚገባ ታዳሚ ዓይኑ እንደሚታለል አውቆ ነው ትኬት የሚቆርጠው። የሴትየዋ ወገብ በእውነት ተቆርጧል ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። (ብዙ ዑለሞች ይህን የእጅ ቅልጥፍና ለጨዋታም ቢሆን አይወዱትም። እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ዛሬ አልገባበትም።) ሰውዬው ዘዴውን በራሱ ድካም የፈጠረው ወይም አምኖህ ያስተማረህ ከሆነ፣ ለላይክ ብለህ መዘርገፍህ ነውር ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው ነገር ነግሮህ ዞር ብሎ ከተመለከተ ያ ንግግር አማና እንደሆነ አስተምረውናል። «አደራ» የሚለውን ቃል እንኳ አልተናገረም፤ ዞር ማለቱ በቂ ነው። እስከዚህ ድረስ ጓደኛህ ልክ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ዓይነት እንምጣ። ሱረቱል አዕራፍና ሱረቱ ጧሃ ላይ የፊርዐውንን ድግምተኞች ታሪክ አንብቡ። ወደ ሜዳው ከመውጣታቸው በፊት የጠየቁት ካሸነፉ ክፍያ እንዳላቸው ነው። ቁርአን ገመዱና በትሩ እባብ ሆነ አይለንም። የሰዎችን ዓይን ደገሙበት፣ በድግምታቸው የሚሮጥ መሰለ ነው የሚለን። ከሙፈሲሮች አንዳንዶቹ ገመዱ ውስጥ ሜርኩሪ ተሞልቶ በፀሐይ ሙቀት ይንቀሳቀስ ነበር ብለዋል። የሙሳ (ዐ.ሰ) በትር ያን ሁሉ ስትውጥ ታዲያ በሱጁድ የወደቁት እነማን ናቸው? ድግምተኞቹ ራሳቸው! የሥራውን ጓዳ ስለሚያውቁ ይህ ከነሱ ሙያ እንዳልሆነ ለመለየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ፊርዐውን እጅና እግራችሁን አፈራርቄ እቆርጣለሁ ብሎ ሲዝትም ንቅንቅ አላሉም። የተንኮልን ዘዴ ማወቅ ኢማን ያደክማል ብሎ የሚሰጋ ካለ ይህን ታሪክ ደግሞ ያንብበው።

ሲሕር የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ ቁርአን ተናግሯል። ግን ሲሕር ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በ606 ሂጅራ ያለፉት ኢማም ፈኽሩዲን አር-ራዚ በተፍሲራቸው ሲሕር የሚባለውን በ8 ከፍለውታል። ዓይን ማታለልን፣ የመሣሪያ ብልሃትን፣ የመድኃኒት ባሕርይን ለየብቻ አስቀምጠዋል። እኔን ሁሌ የሚያስቆመኝ 7ኛው ነው። ሰውዬው ታላቁን የአላህ ስም አውቃለሁ፣ ጅኖች ይታዘዙኛል ይላል። አድማጩ ልቡ ደካማ ከሆነ ያምናል፣ ይፈራል። ከፈራ በኋላ ሰውዬው ያሻውን ያደርገዋል። በመሃል መሣሪያም መድኃኒትም የለም።

ይህ 7ኛው እኛ አገር ቤት ሠርቶ ይበላል።

ከጦርነቱ በኋላ በሰሜን ወሎ ልጁ የት እንደደረሰ የማያውቅ ወላጅ አለ። አንዲት እናት ልጇ ይኑር አይኑር ለማወቅ ፍየሏን ሸጣ፣ የላስታን ቁልቁለት ወርዳ «አዋቂ» ወደተባለው ሰው ትሄዳለች። ግቢው ውስጥ ተራ ስትጠብቅ አንዲት ደግ ሴት አጠገቧ ትቀመጣለች። «ምን አግኝቶሽ ነው እናቴ?» ትላታለች። ቡና ይቀዳል። እናት ታወራለች፣ ታለቅሳለች፣ የልጇን ስም፣ የወጣበትን ወር፣ ለብሶት የነበረውን ሹራብ ሳይቀር ትናገራለች። ደጓ ሴት ለአፍታ ተነስታ ትመለሳለች። ተራዋ ደርሶ ስትገባ ሰውዬው ገና ሳትቀመጥ በስሟ ይጠራታል። የልጅሽ ሹራብ ሰማያዊ ነበር ይላታል። ከዚህ በኋላ የሚላትን ሁሉ ብታምን ይፈረድባታል? «ታስሯል፣ ለማስፈቻ ይህን ያህል አምጪ» ሲላት ጥጃዋንም ትሸጣለች።

ምስጢሩ ይኸው ነው። ያቺ ደግ ሴት ደመወዝተኛ ናት።

አማና የሚባለው ይህን ለመሸፈን ነው? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥቡን አወጡት፤ ሻጩን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም አሉት፤ ያታለለ ከኛ አይደለም አሉ። የሻጩ ምስጢር ተብሎ አልተተወም። አቡበክር (ረ.ዐ) ደግሞ አገልጋያቸው ያመጣላቸውን ምግብ ከበሉ በኋላ፣ ልጁ በጃሂሊያ ዘመን ለአንድ ሰው ጠንቁሎ እንደነበር፣ ጥንቆላውን ግን እንደማይችልበትና ሰውዬውን እንዳታለለው፣ ምግቡም የዚያ ክፍያ እንደሆነ ነገራቸው። እጃቸውን ጉሮሯቸው ውስጥ ከተው የበሉትን ሁሉ አወጡት። ቡኻሪ ዘግበውታል።

የኛ ሊቃውንትም ከፎክስ ቴሌቪዥን በፊት ብዙ ሄደውበታል። ከ800 ዓመት ገደማ በፊት ጀውበሪ የተባለ የደማስቆ ሰው የሐሰተኛ ነቢያትን፣ የሐሰተኛ ዛሂዶችንና የሐሰተኛ ሐኪሞችን ዘዴ እየዘረዘረ መጽሐፍ ጽፏል። በ705 ሂጅራ ደግሞ ኢብኑ ተይሚያ፣ እሳት ገብተን አንቃጠልም የሚሉ ሰዎችን «እኔም አብሬ እገባለሁ፣ ግን ቅድሚያ ሰውነታችን በኮምጣጤና በሙቅ ውሃ ይታጠብ» አሏቸው። የእንቁራሪት ስብና የብርቱካን ልጣጭ ቀላቅለው እንደሚቀቡ ያውቁ ነበር። ሰዎቹ ለመታጠብ አልደፈሩም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የሌላ እምነት «ነቢይ» ሲጋለጥ ሼር ለማድረግ እጃችን ፈጣን ነው። የኛው ሰው ጥምጥም ጠምጥሞ፣ ቁርአን ከፊቱ ዘርግቶ ያንኑ ሲሠራ ግን «የሙስሊምን ነውር ሸፍን» የሚለውን እናስታውሳለን። ነውር መሸፈን የተወደደው ሰው ራሱን ብቻ በሚጎዳበት ጥፋት ላይ ነው። የድሃ ጥጃ እየበላበት ያለውን መሸፈን መተባበር ነው። ደግሞም ላሊበላ ላይ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር በለቅሶም በሠርግም የምንገናኝ ሰዎች ነን፤ መጀመሪያ የራሳችንን ደጅ ብንጠርግ ያምርብናል።

ሲያጋልጡም ልክ አለው። በወሬ የሰማኸውን ሰው ፎቶ አውጥተህ አትለጥፍ። ራዚ ከ8ቱ መጨረሻ ላይ ያስቀመጡት ነሚማን፣ ማለትም ሰውና ሰውን የሚያጣላ ወሬ ማመላለስን ነው። ማስረጃ ካለህ ለፖሊስና ለአገር ሽማግሌ ስጥ። ለሕዝብ የምታወጣው ዘዴውን ይሁን። ዘዴው ከታወቀ ስሙን ባትጠራም ግቢው ባዶውን ይቀራል።

እናትህ ወይም አክስትህ እንዲህ ያለ ቦታ ሄዳ ከሆነ፣ ወደ ጠንቋይ የሄደ ሰው የ40 ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደሌለው የሚናገረውን ሐዲስ ይዘህ አትጩህባት። ሐዲሱ ሶሒሕ ነው፣ ሙስሊም ዘግበውታል፤ ግን ሴትየዋ ቀድሞም በፍርሃት ተይዛለች። በመጀመሪያ ቡና አጠገብ ተቀምጠህ ስለዚያች ደግ ሴት ንገራት። «እዚያ ግቢ ማን አናገረሽ እማዬ?» ብለህ ጠይቃት። ራሷ ትደርስበታለች። ሐዲሱን ያኔ ታነብላታለህ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የመድረኩን ሰው ለመድረኩ ተውለትና ያንን የማስረዳት ችሎታህን ለዚህ አውለው። ቪዲዮ የማይከፍቱ እናቶች ብዙ ናቸውና ገበያ በሚወጡበት ቅዳሜ በቃል ብትነግራቸው ይበልጥ ይደርሳል። አብረህም ይህን ጨምርላቸው፦ በጦርነት የጠፋ ቤተሰብ ለማፈላለግ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ያግዛል፤ ለዚህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።