የኬላው ፍተሻ

በአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ሁለት ጎረቤታሞች ይኖሩ ነበር። የወዲያኛው ባለጸጋ ነው፤ በግቢው ወናፍ ተክሏል፣ መስፍና መዶሻ አለው፣ በቀለብ የሚያድሩ ሦስት ቀጥቃጮች ብረት ያግሉለታል። የወዲህኛው አራሽ ነው፤ ለም መሬት አለው፣ ሁለት ጥማድ በሬ አለው፣ ወናፍ ግን የለውም። ማረሻው ሲዶለዱም ገበያ ይወርዳል፣ ማጭዱ ሲሰበር ገበያ ይወርዳል፣ ጦር ያስፈለገው ዕለትም ያው ገበያ ይወርዳል።

ባለ ወናፉ የአራሹን ማሳ መመኘት ከጀመረ ቆይቷል። አባቱም ተመኝቶ ነበር፤ ወንዙን ተሻግሮ፣ ተመትቶ ተመለሰ። ያ ቂም እንደ ርስት ለልጅ ተላለፈ። አንድ ዓመት ከድንበሩ ድንጋይ አጠገብ፣ ከውኃው ጉድጓድ ላይ የሁለቱ እረኞች ተጣሉ፤ ደም ፈሰሰ። ከዚያ ማታ ጀምሮ በባለ ወናፉ ግቢ የመዶሻው ድምፅ ሌት ተቀን አልቆም አለ።

የአራሹ ሚስት እንጀራ ስትጋግር ቆም ብላ አዳመጠች። «አንቱ፣ ይሄ የማረሻ ምት አይደለም» አለችው።

አራሹ በማግስቱ ዋርካው ሥር ወደተሰየሙት ሽማግሌዎች ሄደ። የመንደሩ ሰው ሁሉ «አንዳችን ስንነካ ሁላችንም ተነካን» ብሎ የማለው እዚያው ዋርካ ሥር ነው፤ ባለ ወናፉም አራሹም ምለዋል። አራሹ አቤት አለ። ሽማግሌዎቹ መከሩ፣ ዘከሩ። ባለ ወናፉ የድግሳቸው እንግዳ፣ የእህላቸው ገዢ ነው፤ ሊያስቀይሙት ፈሩ። በመጨረሻ ታላቃቸው ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «ደም እንዳይፈስ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለሁለቱም ስለት የሚሸጥ አይኑር። ለዚህም አይሸጥ፣ ለዚያም አይሸጥ። ሚዛኑ እኩል ይሁን።» ጉባኤው «ይሁን» አለ።

ከገበያው መውጫ ላይ ኬላ ቆመ፤ ዘበኛ ተመደበ። ይህ ዘበኛ ጉቦ የማይበላ፣ ፊት አይቶ የማያዳላ ሰው ነበር።

ቅዳሜ ባለ ወናፉ በበቅሎው ሆኖ መጣ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ሕግ ነው» አለ ዘበኛው። ባለ ወናፉ ፈገግ ብሎ ወረደ፤ ክንዱን ዘርግቶ ቆመ። ዘበኛው ኮርቻውን አነሣ፣ ከግላሱ ሥር ዳበሰ፣ ስልቻውን ፈትቶ አራገፈ። ጨው፣ በርበሬ፣ አንድ እስር ሻማ። ስለት የለም። «ይለፉ» አለው።

ከኋላው አራሹ በእግሩ መጣ። ሦስት ፍየል ሸጦ አምስት የጦር ጫፍ ገዝቷል፤ በጋቢው ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። ዘበኛው ቅድም እንደፈተሸው አድርጎ ፈተሸ፤ ያንኑ ያህል ጊዜ ወሰደ፣ ያንኑ የጨዋ ቃል ተናገረ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሕግ ነው።» ጥቅልሉን ፈታ። አምስቱን የጦር ጫፍ አንድ በአንድ እያወጣ፣ እየቆጠረ፣ ከኬላው ግድግዳ ሥር ደረደራቸው። ከዚያም ጋቢውን አራገፈ፣ አቧራውን መታ መታ አደረገ፣ ጫፍና ጫፉን ገጥሞ በሥርዓት አጠፈና በሁለት እጁ መለሰለት።

አራሹ የታጠፈውን ጋቢ ይዞ ቆመ።

«ያንን ሰው ሲፈትሹ ምን አገኙበት?» አለ።

«ምንም።»

«ለምን ምንም እንዳልያዘስ ያውቃሉ?»

ዘበኛው አልመለሰም። ነፋሱ ከወንዙ ማዶ የመዶሻ ድምፅ ይዞ መጣ፤ ሁለቱም ሰሙት። ዘበኛው የታዘዘው ግን ስልቻና ጋቢ እንዲፈትሽ ነው፤ ግቢ ፈትሽ ያለው የለም።

ዝናቡ እንዳባራ ባለ ወናፉ ወንዙን ተሻገረ። አሁን ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። በዳዩ እሱ ነው ብለው ፈረዱ፤ ለአራሹም ስለት ይሸጥለት አሉ። አራሹ ግን ፍየሉን ጨርሷል፤ ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድም በሌላ ሰው ደጅ ነው የሚያልፈው፤ ባለ ደጁ በሩን አልከፍትም አለ። በባለ ወናፉ ላይ ደግሞ ክልከላ ጣሉ፦ ማሩን የሚገዛው አይኑር፣ አህያ አይሸጥለት፣ በቅሎ አይሸጥለት።

ከዳር የተቀመጠው ወጣቱ ሽማግሌ «ከሰሉስ?» አለ። «ያለ ከሰል እሳት የለ፤ ያለ እሳት ብረቱ አይግል።»

ዝም ተባለ። «ከሰሉን ከከለከልነው ወደ እኛ ይዞራል» አለ አንዱ። «እኛ ብንተው ሌላ መንደር ይሸጥለታል» አለ ሌላው። ለሌላ ቀን ተቃጠሩና ተነሡ። በወንዙ ላይ ያለው ድልድይም ክፍት ሆኖ ሰነበተ፤ ባለ ድልድዩ ቀረጡን እየተቀበለ ከሰል የጫነውንም፣ ጦር የተሸከመውንም አሳለፈ። ሽማግሌዎቹ ስለ ከሰሉ ሊመክሩ ዳግመኛ ሳይገናኙ የአራሹ ቤት ተቃጠለ።

ተረቱ የእኔ ፈጠራ ነው። ኬላው ግን በእርግጥ ቆሞ ነበር። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. እንግሊዝ ለኢትዮጵያም ለኢጣሊያም የጦር መሣሪያ መላኪያ ፈቃድ መስጠት አቆመች። በነሐሴ መጨረሻ አሜሪካ የገለልተኝነት ሕግ አወጣች፤ የሁለቱ አገሮች ጦርነት እንደተጀመረም ሕጉን በሁለቱም ላይ አዋለችው። ኢጣሊያ አውሮፕላኑን፣ ታንኩንና መድፉን በራሷ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ኢትዮጵያ መሣሪያዋን ታገኝ የነበረው ከውጭ ገዝታ፣ ባሕር በር ስላልነበራትም በሌሎች ወደብና ባቡር አስገብታ ነው። እኩል የተባለው ክልከላ ያረፈው በአንዷ ጫንቃ ላይ ብቻ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። የመንግሥታት ማኅበር በቀናት ውስጥ ኢጣሊያን ወራሪ ብሎ ፈረደ፤ በኢትዮጵያ ላይ የነበረውም እገዳ እንዲነሣ ተወሰነ። ሆኖም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ በማኅበሩ ፊት ቆመው ካሰሙት አቤቱታ አንዱ፣ የጅቡቲው ባቡር ለኢትዮጵያ ሠራዊት መሣሪያ እንዳይጭን በተግባር ተከልክሎ ነበር የሚል ነው።

እኔ የመሣሪያ ንግድ ልቅ ይሁን አልልም። ልጓም ያስፈልገዋል፤ ገዳይ መሆኑን እያወቁ ለገዳይ የሚሸጡ መንግሥታትና ነጋዴዎች ዛሬም አሉ። ግን ከልካዩ ከመከልከሉ በፊት ወናፉ በማን ግቢ እንዳለ ማየት አለበት፤ አይቶ እንዳላየ ከሆነ የበዳዩ ተባባሪ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት በመላው ዩጎዝላቪያ ላይ የመሣሪያ ማዕቀብ ሲጥል፣ የድሮው ሠራዊት ግምጃ ቤት አብዛኛው በሰርቦች እጅ ነበር፤ በዓመቱ ቦስኒያ ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ያ ማዕቀብ በቦስኒያ መንግሥት ላይ የከበደውን ያህል በማንም ላይ አልከበደም። ያኔም ሚዛኑ እኩል ነው ተብሎ ነበር።

የከሰሉም ነገር እንዲሁ ነው። ከኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ያዋለው ማዕቀብ ለእሷ እንዳይሸጡ ከከለከላቸው መካከል ጎማ፣ ቆርቆሮ፣ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ይገኙበታል። ነዳጅ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ ወታደርና ጥይት የጫኑት የኢጣሊያ መርከቦች ቀረጣቸውን እየከፈሉ አለፉ። ሙሶሊኒ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ሙኒክ ላይ ለሂትለር፣ ማዕቀቡ ነዳጅን ጨምሮ ቢሆን ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከሐበሻ ምድር ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ እንደነገረው የሂትለር አስተርጓሚ ጽፏል።

ሐምሌ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ማዕቀቡ ሲነሣ የአህያው ክልከላ አብሮ ተነሣ። ነዳጁ ግን መጀመሪያም አልተከለከለም ነበርና የሚነሣለት ነገር አልነበረም።