በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ቃል



በጦር ኃይሎች ከቀላል ባቡሩ መድረሻ ወርዶ ወደ ቤቱ የሚያመራ ሰው በመንገዱ ካሉት ሱቆች የታሸገ ድንች፣ ሽንኩርት ወይም ምስር ይገዛል። በከረጢቱ ላይ «1 ኪሎ» ተብሎ ተጽፎአል። ገዢው ሚዛን ስለሌለው ጽሑፉን አምኖ ይከፍላል። እንግዲህ ያ ቁጥር ተራ ምልክት አይደለም፤ ሻጩ ለገዢው የሰጠው ቃል ነው።

ከአንድ ከረጢት 50 ግራም ቢጎድል ማንም ላያስተውለው ይችላል። ነገር ግን በቀን 20 ከረጢት የሚሸጥ ነጋዴ በየዕለቱ አንድ ኪሎ፣ በ300 ቀን ደግሞ ሦስት ኩንታል የሰው ሀብት ይዞ ይቀራል። ጉድለቱም አብልጦ የሚከብደው ለዕለት ጉርሱ በኪሎ በሚገዛው ድኻ ላይ ነው።

በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 8 የተወቀሱት ነጋዴዎች በሰንበት ገበያቸውን የሚዘጉ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም ሰንበቱ እስኪያልፍ የቸኮሉት መስፈሪያውን አሳንሰው በሐሰተኛ ሚዛን ለመሸጥ ነበር። እኛስ እሑድ በቅዳሴ ቆመን ሰኞ በምን እንመዝናለን?

የሀገራችን ሕግም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በሚዛንና በመለኪያ ማጭበርበርን ወንጀል አድርጎታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ በዕቃው ላይ የሚለጠፈው መግለጫ የተጣራውን ክብደት እንዲያመለክት አዝዞአል። ስለዚህ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሚዛኑን መደበቅ ወይም በጉቦ ማሰናበት ብልሃት ቢመስልም የድኻውን ጠበቃ ከደጅ መመለስ ነው። ራሱ ያላሸገ ቸርቻሪም ጉድለቱን እያወቀ ከሸጠ ከኃጢአቱ ተካፋይ ነው።

ሕጉ ግን የሚደርስበት ወሰን አለው። የተቀጣ ነጋዴ መቀጮውን ለመንግሥት ይከፍላል፤ የገዢው ዕዳ ግን ገና በላዩ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2409 የንግድ ማታለልን ከሰባተኛው ትእዛዝ ጋር ያነሣዋል፤ በቁጥር 2412 ደግሞ ዘኬዎስን አብነት አድርጎ የተወሰደው ለባለቤቱ ይመለስ ዘንድ ያስተምራል። ዘኬዎስ በጸጸት ብቻ አላበቃም፤ ያታለለውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ።

«አባ፣ ገዢዎቼን አላውቃቸውም፤ ለማን ልመልስ?» የሚል ይኖራል። የምታውቀውን ደንበኛ ክፈለው፤ ልታገኘው ያልቻልኸውን ሰው ድርሻ ለድኾች ስጥ። ይህም ምጽዋት ተብሎ አይቈጠርልህም፤ ዕዳ ነውና። ከነገ ጀምሮም ሳታሽግ በፊት በትክክል መዝን፣ የመዘንኸውንም ጻፍ።

ሁሉን በጽድቅ የሚመዝን አምላክ በእጃችንም በብዕራችንም እውነትን ያኑርልን። አሜን።