ለሌላ ሰው ማንበብ

ሠንጠረዥ ጮክ ተብሎ እንዴት ይነበባል? አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ አጠገብ ተቀምጠው፣ ሃንድአውት ገልጠው እስኪሞክሩት ድረስ ጥያቄው ጥያቄ አይመስልም። አምስት ረድፍ፣ ስድስት ዓምድ፣ ሠላሳ ቁጥር። ዓይን ገና ገጹ ላይ ሲያርፍ የቱ እንደጨመረ፣ የቱ እንዳሽቆለቆለ ለቅሞ ይጨርሳል። ድምፅ ግን በተራ ነው የሚሄደው፤ ወደ ጎን ሲያነቡ ዓምዱ ይበተናል፣ ወደ ታች ሲያነቡ ረድፉ ይጠፋል። ጀማሪ አንባቢ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ምላሱ ይተሳሰርና «ያው ባጭሩ ቁጥሩ እየጨመረ ነው የሚሄደው» ብሎ ገጹን ይገልጣል።

ያን ጊዜ አንባቢው የራሱን ሥራ ትቶ የሌላውን ሥራ ጀምሯል። የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት የተማሪው ፋንታ ነበር። ዓይናማ ተማሪም ሠንጠረዡ ሊሰለቸውና ሊዘለው ይችላል፤ የዘለለው ግን ራሱ ነው፤ ፈተናው ሲቃረብ «ያቺን ነገር ዘልያት ነበር» ብሎ ይመለስባታል። ሌላ ሰው የዘለለለት ተማሪ የሚመለስበት ነገር የለውም፤ መዘለሉን ማን ነገረው?

ካምፓስ ሳለሁ በትርፍ ሰዓታቸው ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከሚያነቡት አንዱ ነበርኩ። አነብለት የነበረው የሶሲዮሎጂ ተማሪ ትምህርት የጀመረው ዘግይቶ ስለነበር በዕድሜ ይበልጠኛል፤ አንባቢ የሚገራውም እሱ ነበር። «መጀመሪያ ቤቱን አሳየኝ፣ ዕቃውን በኋላ ታስገባለህ» ይለኛል። ቤቱ ማለት የሠንጠረዡ አወቃቀር ነው፤ ርዕሱ ምን እንደሚል፣ ወደ ታች ምን እንደተደረደረ፣ ወደ ጎን ምን እንዳለ። ከዚያ «በረድፍ ላንብብልህ በዓምድ?» ብሎ መጠየቅ። የግርጌ ማስታወሻ ሲመጣም እንዲሁ፤ አሁን ይነበብ ወይስ አንቀጹ ሲያልቅ? ጥቅስ ሲከፈት መከፈቱን፣ ሲዘጋ መዘጋቱን መናገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ መምህሩ ያሉትና መምህሩ የጠቀሱት ሰው ያለው ይደበላለቃል። የኮፒ ኮፒ ሆኖ ዳሩ የተቆረጠ ገጽ ሲያጋጥም ደግሞ ቃሉን ገምቶ ከመሙላት «እዚህ ጋ አይታይም» ማለት ይሻላል። ፎቶግራፍ ከሆነ ያለውን መናገር፤ ሦስት ሴቶች፣ እንስራ፣ ጀርባቸው ወደ ካሜራው። ስታሳዝን፣ ስታምር፣ ደስ ስትል የሚባለው ነገር ከአንባቢው ኪስ የወጣ ነው።

እያነበብኩለት እሱ በብሬል ይጽፍ ስለነበር የንባቡን ፍጥነት የሚወስነው መጻፊያው፣ ስታይለሱ ነበር። ስሌት የሚባለው መያዣ ወረቀቱን ነክሶ ይይዛል፣ ሹሏ ስታይለስ ጠቅ ጠቅ እያለች ነጥቦቹን ትበሳለች። የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቦቹ ወደ ላይ ያብጡና ጣት ከግራ ወደ ቀኝ ያነባቸዋል። በአማርኛ ብሬል አናባቢው ከተነባቢው ተለይቶ በራሱ ነጥቦች ስለሚጻፍ፣ በቀለም አንድ የሆነው ፊደላችን ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ አንባቢ ቶሎ ቶሎ ቢያነብ ለራሱ ነው። ጠቅታው እስኪያቆም አፍን ይዞ መጠበቅ፣ ሲያቆም መቀጠል። እኔ በተፈጥሮዬ ችኩል ስለሆንኩ ይህን ዝምታ ለመልመድ ከማንበቡ በላይ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

በእኛ አገር ለዓይነ ስውር ማንበብ ዩኒቨርሲቲ ያመጣው ነገር አይደለም። የቅኔው ወይም የዜማው መምህር ዓይነ ስውር የሆነበት ጉባኤ ጥንትም ነበር፣ ዛሬም አለ። ልጁ መጽሐፉን ዘርግቶ ያነባል፣ የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዳምጣሉ፤ ተነሹን ወዳቂ አድርጎ ካነበበ ወይም የሚጠብቀውን ካላላ ከተቀመጡበት ያርሙታል። ገጹ ልጁ ፊት ነው፣ መጽሐፉ ግን ያለው እሳቸው ዘንድ ነው። ከጉባኤው ሲነሱ በበትር መርቶ ቤታቸው የሚያደርሳቸውም ያው ተማሪ ነው። እዚያ ባለዕዳው ማን እንደሆነ ማንም አይሳሳትም፤ አንባቢው ነው።

ካምፓስ ስንገባ ዕዳው ጎኑን ይቀይራል። አንባቢው በጎ አድራጊ፣ የሚነበብለት ተረጂ ይሆናል፤ በነጻ ስለሆነም ሁሉም ነገር የሚታሰበው በውለታ ነው። ውለታ ደግሞ ደግ ነገር ሆኖ ሳለ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ አያስወቅስም። በነጻ ለሚያነብልህ ልጅ «ቀስ በል»፣ «አፍህን ከፍተህ አንብብ»፣ «ትናንት አራት ሰዓት ብለኸኝ አምስት ሰዓት ለምን መጣህ» ማለት ይከብዳል። ሰውየው ይጠብቃል፣ ሲመጣለት ያመሰግናል፣ ሻይ ይጋብዛል፣ አልፎ አልፎም የገባውን ኮርስ መልሶ በማስረዳት ለመካስ ይሞክራል። በዚህ ላይ ፋይናል ሲደርስ አንባቢ ይጠፋል። ክፋት አይደለም፤ እሱም የራሱን ሃንድአውት የሚቸክልበት ሰሞን ነው። ንባብ በጣም በሚያስፈልግበት ሳምንት ሁሉም ያነባል፣ ለራሱ። ይህን ቀዳዳ ቅንነት ብቻውን ሊደፍነው አይችልም።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዷል። (ከዚህ ወዲያ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በ1962 ኤድ ሮበርትስ የተባለ፣ ፖሊዮ ከአንገቱ በታች ሽባ ያደረገው ወጣት በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የሚተነፍስበት ግዙፍ የብረት ሳንባ ለዶርም ስለማይመች እንዲያድር የተደረገው የካምፓሱ ሆስፒታል ውስጥ ነበር። እሱን ተከትለው ሌሎችም መጡ፤ በ1970 እነዚህ ተማሪዎች የራሳቸውን የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ፕሮግራም ከፈቱ። ዋናው ሐሳባቸው ለእኛ ጆሮ ትንሽ ደረቅ ይላል፤ ረዳቱን የሚመርጠው፣ የሚቀጥረው፣ ካልተመቸውም የሚያሰናብተው ራሱ ተረጂው ይሁን አሉ። በ1973 የወጣው የተሃድሶ ሕግ፣ በአንቀጽ 504፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም አካል ጉዳተኛን እንዳያገል ከለከለ። ማስፈጸሚያ ደንቡ ግን ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ቀረ፤ የተፈረመው በ1977 አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ ያለ የፌዴራል ሕንፃ ገብተው ከሦስት ሳምንት በላይ አንወጣም ባሉበት ሰሞን ነው። በ1990 ሰፊው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተከተለ።

የዚያ ሁሉ ትግል አንዱ ፍሬ የተማሪ ሥራ ነው። የዩኒቨርሲቲው የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ ተማሪ ይቀጥራል፤ የክፍል ማስታወሻ የሚይዝ፣ የሚያነብ፣ ፈተና ላይ የሚጽፍ፣ መጽሐፍ ስካን አድርጎ ኮምፒውተር እንዲያነበው የሚያስተካክል። ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ የሄደ ልጅ ትምህርት ባለበት ወቅት ካምፓስ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ስለሚፈቀድለት፣ ከካፌና ከላይብረሪ ሥራ ቀጥሎ ይህም ሊያገኘው የሚችል ሥራ ነው። የሚደነግጠው ክፍያውን ሲሰማ ነው። ለጽድቅ የሚሠራውን ነገር በሰዓት መቁጠር ያሳፍራል፤ እናቱ ብትሰማ ምን ትላለች?

እኔ ግን ክፍያውን አልንቀውም። የሚከፈለው ልጅ ሰዓቱን ያከብራል፣ ሲሳሳት ይታረማል፣ ፋይናል ሲደርስም ተተኪ ሳያገኝ አይጠፋም። የሚነበብለትም ሰው «እስቲ ያቺን ገጽ እንደገና» ሲል ድምፁን ዝቅ አያደርግም። ሻይ ከጋበዘም ሻይ ስላማረው ነው። ጉድለቱንም አልሸፋፍንም፤ ሰዓቱ ሲሞላ ዓረፍተ ነገር መሐል መጽሐፍ የሚዘጋ አለ። ማስታወሻ የሚይዘውም ልጅ ብዙ ጊዜ ማስታወሻውን በኮምፒውተር ይልካል እንጂ ለማን እንደያዘ አያውቅም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ወቅቱ ያልቃል። ይህን ስሰማ ሆዴ ቅር ይለዋል። ግላዊ ምስጢር ለመጠበቅ ነው ሲሉኝ ደግሞ መልስ የለኝም፤ ሰው ሕመሙን ለክፍል ጓደኛው የመናገር ግዴታ የለበትም።

ውለታ አፍ እንደሚያሲዝ ከሀበን ግርማ በላይ አጥርቶ የተናገረ ሰው አላውቅም። ወላጅ እናቷ ከኤርትራ በስደት አሜሪካ የገቡ፣ እሷ በ1988 ኦክላንድ ውስጥ የተወለደች፣ ማየትም መስማትም የተሳናት ሴት ናት፤ በ2013 ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ስትመረቅ እንዲህ ያለ ተማሪ ሲመረቅ እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች። ከዚያ በፊት ፖርትላንድ ከተማ ውስጥ ኮሌጅ ሳለች የካፌው ምግብ ዝርዝር በወረቀት ተለጥፎ ይውል ነበር። በኮምፒውተር ታነበው ዘንድ በኢሜይል እንዲላክላት ጠየቀች፤ አንዳንድ ቀን ይላካል፣ አንዳንድ ቀን ይረሳል። ስንት ሰው በሚራብበት ዓለም፣ እናቴም ስደተኛ በሆነችበት፣ እኔ ማን ነኝና ስለ ምግብ ዝርዝር አማርራለሁ እያለች ዝም ብላ ቆየች። በኋላ ግን ሥራ አስኪያጁን ሕግ አለ፣ እከሳለሁ አለችው፤ ኢሜይሉም ከዚያ በኋላ አልተቋረጠም። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ዓይነ ስውር ተማሪ ሲገባ ዝርዝሩ ሳይለምን ደረሰው። የሚገርመኝ ማሸነፏ አይደለም፤ ያን ያህል ዝም ማለቷ ነው። ያ ዝምታ የኛ ቤት ዝምታ ነው። «ይህንንም ማን አየው» የሚል፣ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ።

አሁን አንባቢው ማሽን እየሆነ ነው። በ2006 ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን መሥራት የጀመሩት ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን አንባቢ በነጻ ይታደላል፤ ማሽን ደግሞ አይሰለቸውም፣ ውለታም አይቆጥርም። ያነበበውን ሺህ ጊዜ ቢያስደግሙት አይቆጣም። ግን የሚያነበው የተተየበ ጽሑፍ ሲያገኝ ነው። በጎን ታጥፎ ኮፒ የተደረገው የአማርኛ ሃንድአውት፣ መምህሩ በእጃቸው ጫር ጫር ያደረጉበት፣ ለማሽኑ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው። መጽሐፉን በሚነበብ መልክ ማዘጋጀትም ለረጅም ጊዜ የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ ለዚህ የተበጀውን የ2013ቱን የማራካሽ ስምምነት ኢትዮጵያ በ2020 ተቀላቅላለች። በሩ በሕግ ተከፍቷል፤ ገጽ በገጽ ስካን የሚያደርገው፣ የተሳሳተውን ፊደል የሚያርመው፣ ሠንጠረዡን ፈትቶ የሚገጥመው ግን ሰው ነው። ለዚያ ሥራ ተማሪ ቢቀጠር ምን ያህል ያስወጣል? የሚያሳስበኝ ጥያቄው በቅጡ ሲጠየቅ አለመስማቴ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለአጥርና ለአበባ የሚበጅቱ ናቸውና።

ማሽኑ የማይተካው ሌላም ወንበር አለ፤ የፈተና ጸሐፊ ወንበር። አንባቢው እዚህ ጥያቄውን ያነባል፣ መልሱንም የሚጽፈው እሱ ነው። ሁለቱ ለብቻቸው አንድ ክፍል ይሰጣቸዋል፣ ፈታኝ በር ላይ ይቀመጣል፣ ተጨማሪ ሰዓት ይፈቀዳል። የምርጫ ጥያቄ ሲሆን ምርጫዎቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ድምፅ መነበብ አለባቸው፤ ትክክለኛዋ ላይ ድምፅ ትንሽ ከበድ ካለች ኩረጃ ነው። ቅንድብ አይታይ ይሆናል፤ ትንፋሽ ግን ይሰማል። ለወራት ሲያዳምጥህ የኖረ፣ ፊት የሚያነብብ ጆሮ ያለው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ድምፅን መደበቅ ቀላል አይደለም።

አንድ ጊዜ ለዚያ ለሶሲዮሎጂ ተማሪ ፈተና ላይ ተራ ቁጥሩን አነበብኩለት፣ አራቱንም ምርጫ አነበብኩለት፣ «ድገም» አለኝ፣ ደገምኩ። «ቢ» አለ። መልሱ «ሲ» ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ያነበብኩለት ገጽ ላይ፣ ከሠንጠረዡ ሥር ባለው አንቀጽ። እጄ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆመ። «ጻፍከው?» አለኝ። «ቢ» ብዬ ጻፍኩና ቀጣዩን አነበብኩ።

ውጤት ሲለጠፍ በዚያች ጥያቄ ከመምህሩ ቢሮ ድረስ ሄዶ ተከራከረ፤ አልተሳካለትም፤ ከቢሮው እስከ ዶርም ሲያጉረመርም አብሬው ሄድኩ። ጥያቄው አሻሚ ነው፣ መምህሩ ጆሮ የላቸውም፣ ኮርሱም ቢሆን የረባ አይደለም። ስለ እኔ ምንም አላለም። የሚለውም ነገር አልነበረውም።