በረኛው ማን ነበር?

በ1993 ዓ.ም. ዮርዳኖስ ዓባይ ለመብራት ኃይል ተሰልፎ 24 ግብ አገባ። በ2009 ጌታነህ ከበደ ለደደቢት 25 አገባ። በ2013 ደግሞ አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 አስቆጠረ። በቁጥር ከሄድን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ 29 ከ25፣ 25ም ከ24 ይበልጣል። ይህን ለማወቅ የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል። ታዲያ ክርክሩ ለምን አያልቅም?

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎች «ከበደ ሚካኤል ይበልጣሉ ወይስ ጸጋዬ ገብረ መድኅን?» እያሉ ይይዙኝ ነበር። «ዘመናቸው ይለያያል፣ አይወዳደሩም» ብሎ መገላገል ይቻላል። ጨዋ መልስ ይመስላል፤ እኔ ግን ስንፍና ነው እላለሁ። አይወዳደርም ብለን ወደ ጎን ያስቀመጥነውን ሁሉ ቀስ በቀስ እንረሳዋለንና።

ጭሮ ላይ (የእኔ ዕድሜ ሰዎች አሰበ ተፈሪ ማለት አልተውንም) አንድ ከሰዓት በርጫ ተቀምጠን ወጣቶቹ ያንን 29 ግብ ያነሣሉ፣ ይጥላሉ። ከቦኬ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «በረኛው ማን ነበር?» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። አንዱ «አቦ፣ ጎል ጎል ነው እኮ አባባ!» አላቸው።

«ዙርባስ ዙርባ ነው? ሳትፈታ ትገዛለህ ልጄ?»

ጫት ለሚያበቅል አገር ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ዙርባ ይቆጠራል፤ ግን ማንም ቆጥሮ ብቻ አይከፍልም። ይፈታል፣ ቅጠሉ ይታያል፣ መቼ እንደተቀነጠሰ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ «ይሄ ከዚያ ይበልጣል» ይባላል።

እንግዲህ እንፍታው። የ2013ቱ ውድድር የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ያልነበሩበት፣ 13 ክለቦች ብቻ የተጫወቱበት፣ ድሬዳዋን ጨምሮ በ5 ከተሞች እየተዘዋወረ የተካሄደ ነው። የጌታነህ ወዳጆች «የሰው ሜዳ የለ፣ የባላጋራ ጩኸት የለ» ብለው ይቀንሱለታል። የአቡበከር ወዳጆች «በ2009 እኮ 16 ክለብ፣ 30 ጨዋታ ነበር፤ የእኛው በ24 ነው» ብለው ይጨምሩለታል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ችግሩ እያንዳንዱ የሚፈታው የሌላውን ዙርባ ብቻ መሆኑ ነው።

ይህ አመል የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሊዮኔል ሜሲ በአንድ ዓመት 91 ግብ አግብቶ ገርድ ሙለር በ1972 ያስመዘገበውን 85 ሲያልፍ፣ ዛምቢያዎች መዝገባቸውን ይዘው ብቅ አሉ፤ የእኛው ጎድፍሬይ ቺታሉ በዚያው በ1972 ዓመት 107 አግብቷል አሉ። ፊፋ የአገር ውስጥ ጨዋታዎችን መዝገብ አልይዝም ብሎ አለፈው። ብዙ ሰውም «በማን ላይ ነው ያገባው?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የቦኬው ሽማግሌ ጥያቄ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ለድኻው ብቻ መቅረቡ ነው። ከ91ዱ ስንቱ በደካማ ቡድን ላይ እንደገባ ስንቶቻችን ጠየቅን? ቺታሉ እንዳይመልስ ደግሞ በሕይወት አልነበረም፤ የዛምቢያ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1993 ጋቦን ባሕር ላይ በወደቀው አውሮፕላን ሞቷል።

የራሳችንንም እንፍታ። በጥር 1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ስናነሣ መንግሥቱ ወርቁ 3 ግብ አግብቶ ከግብፁ በደዊ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነቱን ተጋራ። ሦስት ብቻ? አዎ፣ ግን ኢትዮጵያ ያደረገችው 2 ጨዋታ ነው። አንደኛዋ ግቡ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 የሸኘችው ናት። በሌላ በኩል በዚያ ዋንጫ የቀረቡት 4 አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ጋና የለች፣ ናይጄሪያ የለች፣ ካሜሩን የለች። ይህም ይቆጠር። የምንወደው ሰው ዙርባ ሲፈታ እጃችን እንዳይንቀጠቀጥ።

ከላይ የጠራኋቸው 24፣ 25 እና 29 ሦስቱም የፕሪሚየር ሊጉ ቁጥሮች ናቸው። ፕሪሚየር ሊጉ የተጀመረው በ1990 ነው፤ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ግን ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር። መንግሥቱ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ያገባው ሁሉ ከዚህ መሰላል ውጭ ነው። እንግሊዞችም እንዲሁ ናቸው፤ «የፕሪሚየር ሊግ ክብረ ወሰን» እያሉ የአለን ሺረርን 260 ሲያነሡ፣ ከእሱ በፊት በከፍተኛው ሊግ 357 ያገባው ጂሚ ግሪቭስ ከመስመሩ በታች ይቀራል።

ሽማግሌው በወጣትነታቸው አጥቂ ነበሩ፤ ድንጋይ ግራና ቀኝ ተቀምጦ ግብ በሚሆንበት፣ ተዳፋት ሜዳ ላይ። እኔም በተራዬ «የእርስዎስ በረኛ ማን ነበር?» አልኳቸው። ስሙን ከነአባቱ ነገሩኝ፤ በግራ በኩል እንደሚበረታ፣ ኳስ ሲይዝ ዓይኑን እንደሚጨፍን ጭምር። ስንት እንዳገቡበት ስጠይቃቸው ግን ትንሽ አሰቡና «እሱን እንኳ አልቆጠርኩም» አሉኝ።