አሮጌው ብስክሌት ወደ የትኛው ዘመን ይመለስ?

አንድ የብረት ብስክሌት አርጅቶ ከጓዳ ሲወጣ በባለቤቱ ፊት ሦስት መንገዶች ይቆማሉ፤ ቀለም ቀብቶና ዕቃውን ለውጦ ከፋብሪካ እንደ ወጣበት ቀን ማድረግ፣ እንዲሄድ ያህል ብቻ መጠገን፣ አለዚያም ፈታትቶ የሚረባውን ለሌሎች ብስክሌቶች ማከፋፈል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የገንዘብና የመፍቻ ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን፣ ሰው ካለፈው ትውልድ እጅ የተረከበውን ነገር በምን ግዴታ ሊይዘው ይገባል የሚል የሥነ ምግባር ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በጮቄ ተራራ ደቡባዊ ተዳፋት የተቀመጠ ከተማ ነው። በጣና ዳር ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የተመሠረተው ባሕር ዳር ብስክሌትን የዕለት ተግባር መሣሪያ አድርጎ ሲለምደው፣ የደጋው ሰው በእግሩ፣ በበቅሎውና በፈረሱ ጸና። ስለሆነም ቀጭን ጎማና የታጠፈ መሪ ያለው የውድድር ብስክሌት፣ በቀድሞው አጠራር ኮርሳ፣ በዚህ አገር እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። የአባት ወይም የአጎት መታሰቢያ ሆኖ ከጣሪያ ሥር ተሰቅሎ ቢቆይ የሚያስገርም አይሆንም። ወራሹ አንድ ቀን ከተሰቀለበት አውርዶ፣ አቧራውን አራግፎ ወደ ጠጋኝ ሲወስደው የሚናገረው ቃል ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «እንደ ነበረ አድርግልኝ» ይላል።

እንደ ነበረ ማለት መቼ እንደ ነበረ? ብስክሌት ወደዚህ የአፍሪካ ክፍል በስፋት የገባው በጣሊያኖች እጅ ነው። አሥመራ ላይ የመጀመሪያው የብስክሌት ውድድር የተካሄደው በ1929 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የቅኝ ገዥው ሥርዓት አገሬው ከጣሊያን ጋር እንዳይወዳደር አግዶ ነበር። እገዳው ላልቶ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጎዳና ላይ በተሰለፉበት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1939 በተደረገው ውድድር ያሸነፈው ኤርትራዊው ገብረማርያም ገብሩ ነው። ኢትዮጵያም በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ካሰለፈቻቸው ጥቂት ስፖርተኞች መካከል ብስክሌት ነጂዎች ነበሩበት። ከእነርሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ በ1952 ዓ.ም. በሮምም ተወዳድሯል። የሮም ኦሎምፒክ በአበበ ቢቂላ ባዶ እግር የሚታወስ ስለሆነ የብስክሌተኞቹ ጎማ ከሕዝብ ትዝታ መውጣቱ አያስደንቅም፤ ያሳዝናል እንጂ።

እንግዲህ በዚያን ዘመን የተሠራ አንድ የቢያንኪ ብስክሌት ወደ መጀመሪያው ይመለስ ቢባል፣ ፋብሪካው የቀባው የሰማይና የሣር ድብልቅ ቀለም ይመለስለታል ማለት ነው። ያ ቀለም ሲያንጸባርቅ በነበረበት ወቅት ግን ብስክሌቱ ከአገሬው ሰው ጋር ገና አልተዋወቀም፤ እንዲያውም የውድድሩ በር ለአገሬው ዝግ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ በቤት ቀለም የተለቀለቀው፣ በናስ የተበየደው፣ ኮርቻው በቆዳ የተሸፈነው፣ ብስክሌቱ የእዚህ ሕዝብ የሆነበት ታሪክ ነው። ይህን ሁሉ ፍቆ አውጥቶ የፋብሪካውን ቀን ብቻ ማስቀረት የቅርስ ጥበቃ ይባል እንደ ሆነ ማሰብ ያስፈልጋል።

ለዚህ ጉዳይ ቋንቋ ራሱ ምስክር ሊሆን ይችላል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። አንድ የደብረ ማርቆስ ጎረምሳ «ፍሬኑ አይዝም» ሲል የባዕድ ቃል የተናገረ አይመስለውም፤ አጠራሩን ወደ ሮም ለመመለስ የሚከራከርም የለም። ቃሉ በአፍ ተገርቶ የራስ ሆኗል። ብረትም በእጅ ተገርቶ የራስ ይሆናል።

የጥንት ፈላስፎች በዚህ ነገር ላይ የተከራከሩት በመርከብ አስመስለው ነው። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ ለመታሰቢያ አቆይተው፣ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ነበር፤ ሳንቃው ሁሉ ሲለወጥ መርከቡ ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ የሚለው ክርክር ከዚህ ተነሣ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ሆብስ በጥያቄው ላይ አንድ ነገር ጨመረበት፤ የወጡትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ እንደገና የገጣጠማቸው ሰው ቢኖርስ፣ ከሁለቱ የቴሴዎስ መርከብ የትኛው ነው አለ። ክርክሩ ረቂቅ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም ወገኖች መርከቡን የሚያዩት ከወደብ ቆመው ነው። ተሳፍሮበት መሻገር ያለበት ሰው በክርክሩ ውስጥ የለም።

የጎጃም ሰው ለዚህ ጥያቄ በፍልስፍና ቋንቋ ባይሆንም በእጁ መልስ ሰጥቶበታል። ቅል ሲሰነጠቅ አይጣልም፤ በወስፌ ተበስቶ፣ በክር ተሰፍቶ፣ ውኃውን ወይም እርጎውን መያዙን ይቀጥላል። ስፌቱን ለመደበቅ የሚደክም የለም። ብራና ሲፋቅና ሲወጠር ቀዳዳ ቢያወጣ ብራና ፋቂው በጅማት ወይም በክር ይሰፋዋል፤ ቁም ጸሐፊውም ጽሕፈቱን ከስፌቱ ግራና ቀኝ እያሳለፈ ቃሉን ይፈጽማል። አንባቢው ስፌቱ ዘንድ ሲደርስ ዓይኑ ጥቂት ይዘላል፤ ትርጉሙ ግን አይጎድልም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ የእርጅና ምልክት ሁሉ የተቀደሰ ነው ወደሚል መደምደሚያ መሮጥ ስሕተት ነው። ዝገትን እንደ ታሪክ የሚያዩ ሰዎች አሉ። ዝገት ግን በሥራ ላይ ያለ ጥፋት ነው፤ ያልቆመ ዝገት ነገ የሚጠበቅ ነገር አያስቀርም። በተለይ በኮርቻው ቱቦና በፔዳሉ ዘንግ ማቀፊያ ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበት ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ቀለሙ ደህና ሆኖ ሳለ ውስጡ እንደ ወረቀት ሊሳሳ ይችላል። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ የተበላ ቱቦ ወይም የደረቀ የፍሬን ላስቲክ ስለ ትዝታ አይጠየቅም። ስለዚህ መታሰቢያነቱን ከማንሣት በፊት ብረቱን በመፍቻ ጫፍ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ማዳመጥ፣ ብየዳው ዙሪያ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን በዓይን መፈለግ ይቀድማል።

ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ብረት ታጋሽ ነው። «ካረጁ አይበጁ» የሚለው አነጋገር ስለ ሰው ሲነገር ጭካኔ አለበት፤ ስለ ብረት ሲነገር ደግሞ እውነትነት የለውም። የተጣመመ የብረት ቱቦ ይቃናል፤ የተሰነጠቀ በናስ ይበየዳል፤ የኋላ እግሩ ጠቦ የዛሬውን ጎማ አልቀበል ቢል በጥንቃቄ ተለጥጦ ይሰፋል። ኋላ በመጡት የአሉሚኒየም ብስክሌቶች ዘንድ ይህ ጸጋ እምብዛም አይገኝም። ችግሩ ያለው ከመለዋወጫው ላይ ነው። የድሮው የውድድር ጎማ በቸርኬው ላይ በሙጫ የሚለጠፍ ነበር፤ ይህ በአንድ የደጋ ከተማ ገበያ የሚፈለግ ዕቃ አይደለም። የጣሊያኑ የፔዳል ዘንግ ማቀፊያ 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው የእንግሊዙ 35 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የጥርሱም አዞዞር ይለያያል። እንደ ነበረ ይሁን የሚል ሰው እነዚህን ዕቃዎች ከባሕር ማዶ ማስመጣት ይኖርበታል። በዚያ ገንዘብ ደግሞ ስንት ተማሪ ትምህርት ቤት የሚደርስበትን ብስክሌት ጎማ መለወጥ እንደሚቻል ማስላት አያስቸግርም።

ከዚህ ላይ ሦስተኛው መንገድ፣ ፈታትቶ ማከፋፈል፣ ከስድብ ነፃ ሆኖ መታየት ይገባዋል። ቴላዮው ከተበላ፣ ኩሽኔታውና ፔዳሉ ለሌላ ብስክሌት ቢሰጥ፣ የአባት መታሰቢያ ተበተነ ብሎ የሚያለቅስ ወራሽ ይኖራል። ልቅሶው ሊከበርለት ይገባል። ነገር ግን አባትየው ራሱ ብስክሌቱን በመንገድ ላይ ያቆየው ከሌሎች ብስክሌቶች በወረሰው ዕቃ ሊሆን እንደሚችል ወራሹ ቢያስብ መልካም ነው። ሆብስ የተበተኑት ሳንቃዎች ሁሉ በአንድ መርከብ እንደሚሰበሰቡ አድርጎ ገመተ፤ በጠጋኝ ደጃፍ ግን እያንዳንዱ ሳንቃ ወደ ሌላ መርከብ ይሄዳል። ባዶው ቴላዮ ከጣሪያ ሥር ተመልሶ ቢሰቀል ነውር የለበትም። ዓባይ ላይም በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ አዲሱ ድልድይ ሲመረቅ አሮጌው ድልድይ ሸክሙን አስረክቦ በጎኑ ቆሟል።

ሙሉ በሙሉ ሊወገዝ የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር፣ ብስክሌቱን ለዓይን ብቻ አንቆጥቁጦ፣ ሰንሰለቱን አድርቆ፣ በእንግዳ መቀበያ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። ይህ አሠራር ጠጋኞቹ የተዉትን ምልክት ፍቆ ያጠፋል፤ በምትኩም ማንንም አያሳፍርም። ከሦስቱ መንገዶች የሁሉንም ኪሳራ በአንድነት የሚያመጣ ይህ ነው።

ቴላዮው ጤነኛ ከሆነ፣ ወራሹም ሊነዳው ከፈለገ፣ ሥራው በልክ ይሠራ። ፍሬኑ፣ ጎማውና ኩሽኔታው አዲስ ይሁን፤ በእነዚህ ላይ መራራት በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። ዝገቱ ተፍቆ ይቁም፤ ቱቦው ከውስጥ ዘይት ይጠጣ። የቀድሞው ቀለምና የቀድሞው ብየዳ ግን ባለበት ይቆይ። በ1956 ዓ.ም. ቬኒስ ላይ የተሰበሰቡት የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች፣ በአሮጌ ሕንፃ ላይ የሚተካ ነገር ከነባሩ ጋር ተስማምቶ፣ ነገር ግን ከነባሩ ተለይቶ መታወቅ እንዳለበት ወስነዋል። ለሐውልት የተባለው ለብስክሌትም ያገለግላል፤ ቅል ሰፊዎቹማ ቀድመውታል። አዲሱ ብየዳ ዝገት እንዳይገባው በሌላ ቀለም ይሸፈን እንጂ ከአሮጌው ጋር አይመሳሰል። ከዓመታት በኋላ ብስክሌቱን የሚረከበው ሌላ ጠጋኝ የቱ የሚላኖ፣ የቱ የደብረ ማርቆስ እጅ እንደ ሆነ በጣቱ ዳስሶ ይለየዋል፤ መፍቻውንም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።