ልጆቻችሁ ስለ ድንጋዩ ሲጠይቁ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ኢያሱ እስራኤልን ዮርዳኖስን ካሻገረ በኋላ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች አስወጥቶ በጌልገላ አቆማቸው። ልጆች አንድ ቀን ስለ ድንጋዮቹ እንደሚጠይቁና አባቶች መመለስ እንዳለባቸውም ነገራቸው (ኢያሱ ምዕ. 4)። ድንጋይ በራሱ አይናገርም።

እኛም ከጅዳ ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ ልጆቻችንን ይዘን በ6 ኪሎ እናልፋለን። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት በአደባባዩ ቆሟል። ልጁ "ይሄ ምንድን ነው?" ሲለን "ጣልያን የገደላቸው ናቸው" ብለን፣ ፎቶ አንሥተን እንሄዳለን። እውነት ነው፤ ግን ያንሳል።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ወርኃዊው የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነበር። ግራዚያኒ የኢጣልያ ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ወደሆነው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ድሆችን ለምጽዋት ጠርቶ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ በኋላ በግቢው የተተኮሰው በማን ላይ ነው? እጁን ለምጽዋት በዘረጋው ላይ! በዓይነ ስውሩ፣ በአካል ጉዳተኛው፣ በሽማግሌው ላይ። ግድያው ሦስት ቀን ቀጠለ፤ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። መንግሥታችን ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ያህል ነው። በግንቦት ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ።

ይህን ለልጆቻችን እንንገር፤ ጥላቻ ግን አንጨምርበት። የሁለት ሰዎችን ሥራ በከተማ ሕዝብ ላይ መበቀል የግራዚያኒ ሥራ ነው፤ እኛ በልጅ ልጆቻቸው ላይ አንደግመውም።

ከእነዚያ ሙታን ብዙዎቹ ፍትሐት አልተደረገላቸውም፣ መቃብራቸውም አይታወቅም። ይህን ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር የምንኖር ነንና በባሕር የቀሩትንም፣ እዚህ ያለ ካህን የተቀበሩትንም እናውቃለን። ለእነርሱ ሐውልት ማን ያቆምላቸዋል?

ዘንድሮ ወደ 6 ኪሎ የምትሄዱ፣ ፎቶው ይቆየንና አስቀድማችሁ ከልጆቻችሁ ጋር አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ። በስደት ያረፉ ወገኖቻችንን የክርስትና ስም የምታውቁ ደግሞ በውስጥ መስመር ላኩልን፤ የካቲት 12 ከሰማዕታቱ ጋር አብረው እንዲታሰቡ አገር ቤት ላሉ ካህናት እናደርሳለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።