«ጠፋሽ» ስንል የጠፋው ማን ነው?

አንድ ሰው ለጥቂት ጊዜ ከዓይናችን ሲርቅ የምንለው ቃል አለን። «ጠፋህ!» «ጠፋሽ!» እንላለን። የተባለውም ሰው «ኧረ እኔስ አለሁ፣ እናንተ ናችሁ የጠፋችሁት» ብሎ ይመልስና ተሳስቀን እናልፋለን። ቃሉን ግን እስቲ ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። ቤቱ ተቀምጦ ሥራውን ሲሠራ የከረመን ሰው «ጠፋህ» ስንለው፣ የራቀው ከእኛ እይታ እንጂ ከመንገዱ አይደለም። ደግሞስ ማንም ያልፈለገው ሰው ጠፋ ሊባል ይችላል? በሉቃስ ወንጌል 15ኛ ምዕራፍ በጉ ሲጠፋ እረኛው፣ ድሪሙ ሲጠፋ ሴቲቱ ተነሥተው ፈልገዋል። በጉን አግኝቶ «ምነው ጠፋህ?» ብሎ የወቀሰ እረኛ እዚያ ምዕራፍ ውስጥ የለም።

ይህን የማነሣው በስልክ ብቻ የምናውቃቸው ጓደኞች ስለበዙ ነው። ከእነርሱ ተለይተን ከርመን ስንመለስ ምን ዕዳ አለብን? ይቅርታ እንጠይቅ? ምክንያት እንደርድር? ወይስ ምንም እንዳልተፈጠረ «ሰላም ናችሁ?» ብለን እንግባ? ጥያቄው ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። እስቲ በአንድ ሰው ላይ ሲደርስ እንየው።

ጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በየአጥቢያው ስንት ወጣት አንገቱን ደፍቶ እንደሰነበተ እኛ አስተማሪዎች እናውቃለን። ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ፤ የተለቀቁት ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ሐምሌ ላይ ነው። ብዙ ሰው ቪፒኤን እየጫነ ቀጠለ። ስልኩ ያረጀበት፣ የዳታ ገንዘብ ያጠረው ወይም «እስቲ ልረፍ» ያለ ደግሞ ተወው። እዚህ ሁሩታ ከማስተምራቸው ወጣቶች አንዷ ከተዉት ወገን ነበረች። ስሟን አልጽፍም፤ ታሪኳን እንድጽፍ ግን ፈቅዳልኛለች።

ለፈተናው ስትዘጋጅ ከአራት ልጆች ጋር በቴሌግራም ተዋውቃ ነበር። አንዷ ከወልድያ፣ አንዷ ከድሬዳዋ፣ አንዷ ከአዲስ አበባ፣ አንዷ ከወላይታ ሶዶ። በአካል ተያይተው አያውቁም። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ የሒሳብ ጥያቄ እየተላላኩ ከርመዋል። የሶዶዋ ልጅ መጽሐፍ ላጣችው ለእኛይቱ ምዕራፍ ሙሉ ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሣች ትልክላት ነበር። ውጤት ሲመጣ አምስቱም አላለፉም። ከዚያ ቴሌግራም ተዘጋ።

እኛይቱ የመጀመሪያውን ሳምንት ስልኳን እያነሣች ስትጥል ቆየች። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው፣ የልጆች ሹራብና ኮፍያ እየሠሩ የሚሸጡ ጎረቤቷ ሁለት መርፌና አንድ ጥቅል ክር አስያዟት። (ክሩ ያው ርካሹ ሰው ሠራሽ ክር ነው። በግ የሞላበት አርሲ ውስጥ ተቀምጠን የሱፍ ክር ማጣታችን ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ይህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።) የመጀመሪያ ሥራዋ ግማሽ ስካርፍ ነበር፤ ወደ አንድ ጎን ተጣመመባት። እትዬ አይተው «ተርትሪው ልጄ» አሏት። ተረተረችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። በሦስተኛው እጇ ለመደ። የነገረችኝን ላካፍላችሁ፦ ከፈተና ውጤት በኋላ ስትሳሳት ማንም ሳይደነግጥባት የቆየችበት የመጀመሪያው ቦታ የእትዬ በረንዳ ነበር። ክር ሲበላሽ ይተረተራል፣ ያው ክር እንደገና ይሠራል። በግንቦት የራሷን ሹራብ ጨረሰች፤ ከጭላሎ በኩል የሚወርደው የክረምት ብርድ ሲመጣም ለበሰችው።

ሐምሌ ላይ ቴሌግራም ሲከፈት አልቸኮለችም። ከቀናት በኋላ ስትከፍተው የሶዶዋ ልጅ መልእክቶች ተደርድረው ጠበቋት። መጀመሪያ «አለሽ?» ይላል። ከሳምንት በኋላ «ኧረ ወዴት ነሽ?»። በሚያዝያ «እማዬ ታማብኛለች፣ ጸልዪልኝ»። በግንቦት «እማዬ አረፈች»። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ወደ እኔ መጥታ «መምህር፣ ምን ብዬ ልጻፍላት?» አለችኝ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ታላላቆቻችን «ይቺ ጓደኝነት ናት እንዴ? አይታት የማታውቃት ልጅ!» ይላሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከጌታ ልደት ከ300 ዓመት በላይ ቀድሞ የኖረው የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል፣ ኒኮማኪያ ሥነ ምግባር በሚባለው መጽሐፉ ስለ ወዳጅነት ሲጽፍ፣ ሰዎች አብረው ጨው ሳይበሉ አይተዋወቁም የሚለውን የዘመኑን ብሂል ይጠቅሳል። ስለ መለያየትም ሲናገር፣ ርቀት የሚያቋርጠው የወዳጅነትን ሥራ እንጂ ወዳጅነቱን ራሱን አይደለም፣ መለየቱ ሲረዝም ግን ወዳጅነቱም ይረሳል ይላል። የእኛም ሰው «ካይን የራቀ ከልብ ይርቃል» የሚለው ይህንኑ ነው። እኔ በሁለተኛው እስማማለሁ፤ በመጀመሪያው ግን ልከራከር። በእንቅልፍ ሰዓቷ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥታ መላክ ጨው መብላት ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል? ጳውሎስ ወደ ቆላስይስ ሲጽፍ ፊቱን በሥጋ ላላዩት ሰዎች እንደሚጋደል ነግሯቸዋል። ሰው ፊቱን ላላየው ሰው ሊደክም ይችላል ማለት ነው። ዮሐንስ በበኩሉ በአጫጭር መልእክቶቹ መጨረሻ ላይ የሚጽፈው ብዙ ነገር እያለው በወረቀትና በቀለም ማድረግ እንዳልወደደና መጥቶ አፍ ለአፍ መነጋገርን ተስፋ እንደሚያደርግ ይጽፋል። ደብዳቤው እንደማይበቃ ያውቃል፤ ግን ጽፏል።

የስልክ ጓደኝነት ጉድለት ያለው በእኔ እይታ ሌላ ቦታ ነው። ሦስተኛ ሰው የለውም። አሰላ ያለች ጓደኛችሁ ብትታመም ከሚኒባስ የወረደ ሰው ይነግራችኋል፤ «ሰላም በሉልኝ» ብላ የላከችውም ይደርሳችኋል። እናንተ ዝም ብትሉ እንኳ ወሬያችሁ ዝም አይልም። አምስቱ ልጆች ግን አንዳቸው የሌላዋን እኅት፣ ጎረቤት፣ አጥቢያ አያውቁም። የስልክ ቁጥር እንኳ አልተለዋወጡም ነበር። ስለዚህ አንዷ ዝም ስትል መሞቷና ሹራብ እየሠራች መሆኗ ለሌሎቹ አይለይም። ቴሌግራም ራሱ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተን አካውንት ይሰርዘዋል፤ ማሽኑ የሚያውቀው መኖር መክፈትን ብቻ ነው። የሶዶዋ ልጅ እናቷን ስትቀብር፣ የሁሩታዋ ጓደኛዋ ልትመጣ እንዳልቻለች ነው ወይስ እንደረሳቻት የሚነግራት ሰው አልነበረም። እንዲህ ካሰባችሁት «ብቻዬን መሆን መብቴ ነው» የሚለው ንግግር ትክክል ቢሆንም አይበቃም። ለመዝጋት መብት አለን፤ ስንዘጋ ግን በሩ ላይ የቆመ ሰው መኖሩን ማየት አለብን።

ታዲያ ምን ትጻፍ? እኔ ወደ ለቅሶ ሥርዓታችን ነው የሄድኩት። አገራችን ስለዚህ ነገር በጎ ልማድ አላት። ሰው ሩቅ አገር ከርሞ ሲመለስ፣ ሳይሰማ የቀረው ኀዘን ካለ ከወራት በኋላም ቢሆን ለቅሶ ይደርሳል። ቤቱ ገብቶ አያስተባብልም። ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ ባለቤቶቹም እንደ አዲስ ያለቅሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው «አልሰማሁም ነበር» የሚለው። «ሳልሰማ ቀረሁ» የሚል ሰው ይቅር ይባላል። ሰምቶ ያልመጣ ግን በልብ ይያዛል። ቅደም ተከተሉን አስተውሉት፤ እንባው ከምክንያቱ ይቀድማል። እኛ ወደ ስልካችን ስንመለስ የምናደርገው ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው። ረጅም ምክንያት እንጽፍና መጨረሻ ላይ «ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነሽ?» እንላለን።

ሌላም ነገር አልኳት። ሹራብ ሰኞ ያስቀመጥሽው ረድፍ ላይ ኀሙስ ይጠብቅሻል። ሰው ግን አይጠብቅም። የተውሻት ልጅ እናት ያላት ልጅ ነበረች፤ ያቺ ልጅ አሁን የለችም። ከመርፌ ላይ አንዲት ቀለበት ብታመልጥ ወደ ታች ብዙ ረድፍ ትፈታለች፤ እትዬ የሚመልሷት ከታች ጀምረው በኪሮሽ አንድ በአንድ ወደ ላይ እያወጡ ነው። አንቺም ከመጀመሪያው «አለሽ?» ጀምረሽ በሙሉ አንብቢው። ሳትመልሺ በፊት አንብቢው።

ቀጥሎ የመጣው ከባዱ ነበር። «ኔት ተዘግቶብኝ ነበር ብላት ውሸት ይሆናል?» አለችኝ። እገዳው ለሁላችንም ምቹ ሰበብ ሰጥቶን ነበር፤ እውነትም ነበር። ግን ራሷ እንዳለችው «መጀመሪያ አልቻልኩም፤ በኋላ ግን አልፈለግኩም»። ቪፒኤን የምታስጭንበት ሰው አጠገቧ ነበር። መቼ እንደሆነ ሳታውቀው፣ ምናልባት በመጋቢት፣ አለመቻሏ አለመፈለግ ሆነ። የብዙዎቻችን መራቅ እንዲህ ነው ብዬ አስባለሁ። በሰበብ እንጀምራለን፣ ሰበቡ ሲያልቅ ሳናውቀው እንቀጥላለን። ለእኔ «ተዘግቶብኝ ነበር» የሚለው ቃል ግማሽ እውነት ነው፤ በግማሽ እውነት ደግሞ የሰው ኀዘን ቤት አይገባም። አለመፈለጓ ኀጢአት ነው ማለቴ አይደለም። ከዚያ ውጤት በኋላ ያንን ቡድን ማየት ቁስሉን መንካት ነበር፤ ዕረፍቱ አስፈልጓታል። ግን የሆነውን በስሙ መጥራት ይሻላል።

በተቃራኒው ገደል የሚወድቁም አሉ። «ከሶሻል ሚዲያ ነጻ ወጣሁ፣ ሰላሜን አገኘሁ» ብለው የሚመሰክሩትን ሰምታችኋል። ደስ ይበላቸው። ግን ያንን ምስክርነት ተለይተዋቸው የነበሩት ጓደኞች ሲያነቡት የሚሰሙት «ያለ እናንተ ተሻለኝ» የሚለውን ነው።

ልጅቷ ጻፈች። አጭር ነበር፤ አሁን እንዳነበበች፣ ስለ እናቷ እንዳለቀሰች፣ መጀመሪያ እንዳልቻለች በኋላ ግን እንደሸሸች። የሶዶዋ ልጅ ለአራት ቀን አልመለሰችም፤ አለመመለስም መብቷ ነበር። በአምስተኛው ቀን በድምፅ ደወለችና ሁለቱም ብዙ አለቀሱ። መጨረሻ ላይ ጓደኛዋ «አንቺስ ደህና ነበርሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እናቷን ለቀበረች ልጅ በዚያው ወራት ደስተኛ ነበርኩ ማለት ከባድ ነው። ግን ስለጠየቀቻት መለሰችላት፤ «አዎ፣ ደህና ነበርኩ። ሹራብ ተማርኩ»።

በሐዋርያት ሥራ 9ኛ ምዕራፍ ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ ለጴጥሮስ ያሳዩት ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራችላቸውን ልብስ ነው። ጣቢታ የእያንዳንዷን ትከሻ ታውቅ ነበር። የሶዶዋ ልጅ ያን ዕለት «ለእኔም ሥሪልኝ» ስትላት፣ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው የቀረባቸው ጓደኛሞች የትከሻ ስፋት ቀርቶ አንዷ ረጅም ትሁን አጭር እንደማይተዋወቁ ገባቸው። ልኬቱ በማግሥቱ መጣ። ትከሻ ሁለት ስንዝር፣ እጅጌ ሁለት ስንዝር ተኩል ይላል። እትዬ አይተው «የማን ስንዝር? በሜትር ለክታ ትላክ» ብለው መለሱት።